ኮት የማያደርቀው ሰርቨር

[ኮሌጅ ውስጥ፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል። መደርደሪያ ላይ የኮሌጁን ኢሜይል የሚልኩ ሦስት ሰርቨሮች ተደርድረዋል። ሦስተኛው ላይ «ምስጉን ሠራተኛ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውጭ ዝናብ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ሊቁ ይባላል፤ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው፣ እሱ ለአክብሮት ይመስለዋል። ሊቁ ከምሳ ሲመለስ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ የመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ኮታቸውን አስጥተው አገኛቸው።]

ሊቁ: ጋሼ፣ ኮትዎን ያንሡ ብያለሁ። ይሄ ሰርቨር እኮ ነው፣ የልብስ ማስጫ አይደለም።

ጋሼ: እርጥብ ነው።

ሊቁ: እርጥብ መሆኑማ ነው ችግሩ። ውሃና ኤሌክትሪክ ይጣላሉ።

ጋሼ: አስታርቄያቸዋለሁ። ግማሽ ሰዓት አብረው ተቀመጡ፣ አንድ ክፉ ቃል አልተለዋወጡም።

ሊቁ: ግማሽ ሰዓት? እዚህ ግማሽ ሰዓት ምን ይሠራሉ?

ጋሼ: አንተን እጠብቃለሁ። ልጄ የመግቢያ ፈተና ደብዳቤዋ አልደረሳትም። ፈተናው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ቁጥሯ ያለው ደብዳቤው ላይ ነው፤ ቁጥር ያልያዘውን ዘበኛው ከበር ይመልሰዋል።

ሊቁ: ደርሷታል።

ጋሼ: አልደረሳትም።

ሊቁ: ጋሼ፣ ደርሷታል። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ኢሜይል በሰባት ደቂቃ ተልኳል። ይኸው ስክሪኑ፤ ተልኳል፣ ተልኳል፣ ተልኳል። ስክሪን ይዋሻል?

ጋሼ: ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ማን ነው የጻፈው?

ሊቁ: እኔ።

ጋሼ: [ዝም ይላሉ።]

ሊቁ: ምን ማለትዎ ነው?

ጋሼ: ዝም አልኩ እኮ።

ሊቁ: ዝምታዎ ደስ አይልም። ልጅቷ ደህና አድርጋ ትፈልግ። አላስፈላጊ መልእክት የሚጠራቀምበት ቦታ አለ፣ እዚያ ትግባ።

ጋሼ: ገብታለች። እዚያ ያገኘችው «በአሥር ቀን ቦርጭ ያጥፉ» የሚል ብቻ ነው። ለኔ አስተላልፋልኛለች።

ሊቁ: ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?

ጋሼ: እኔ መቼም ነገር ቶሎ አይገባኝም። ቀስ ብለህ አስረዳኝ። ደብዳቤው ከዚህ ክፍል እንዴት ነው የሚወጣው?

ሊቁ: ደግ። ድሮ አንድ ሰርቨር ብቻ ነበር። ደብዳቤ ሲበዛበት ይታነቃል። እኔ ሦስት አደረግኋቸው። ከፊታቸው አከፋፋይ ፕሮግራም አቆምኩ። ደብዳቤው መጀመሪያ አከፋፋዩ ዘንድ ይመጣል፤ እሱ ለሦስቱ ያድላል፤ ሦስቱ ወደ ውጭ ይወስዱታል።

ጋሼ: ገባኝ። ሦስት ተላላኪ፣ አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ።

ሊቁ: ኧረ ጋሼ። ይሄ ቴክኖሎጂ ነው፣ ከተላላኪ ጋር ምን አገናኘው።

ጋሼ: ይቅርታ። እና እኩል ነው የሚያድለው?

ሊቁ: እኩል የሚያድል ሞኝ ነው። መጀመሪያ እንደዚያ ነበር፤ ለአንተ አንድ፣ ለአንተ አንድ፣ ለአንተ አንድ። አየሁት፣ አናደደኝ። ጎበዙና ሰነፉ እንዴት እኩል ይሸከማሉ? አንድ ሕግ ጻፍኩ፤ ፈጥኖ ለጨረሰ ጨምርለት። ይሄን ማንም ሳያስተምረኝ ብቻዬን ነው የተማርኩት።

ጋሼ: ያስታውቃል።

ሊቁ: አመሰግናለሁ።

ጋሼ: ማን ነው ታዲያ ፈጣኑ?

ሊቁ: [ሦስተኛውን ሰርቨር እንደ ልጅ ራስ እየዳበሰ] ይኸው። ምስጉን። እነዚያ ሁለቱ አንዷን ደብዳቤ ይዘው ሁለት ሴኮንድ ያሿታል። ይሄ እንካ ሳልለው ጨረስኩ ይላል። ዳይሬክተሩ የምስጉን ሠራተኛ ወረቀት ሲሰጡኝ እኔ ፎቶ ኮፒውን ለሱ ሰጠሁት። ሐቁ ነው።

ጋሼ: እሱ ላይ ሞክሬዋለሁ።

ሊቁ: ምኑን?

ጋሼ: ኮቴን። መጀመሪያ ያሰጣሁት እሱ ላይ ነበር። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ወይ ፍንክች። [የእጃቸውን ጀርባ በየሰርቨሩ ላይ እያሳረፉ] እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ወደዚህኛው ባዛውረው እንፋሎት ወጣው። እነዚህ ሁለቱ ሲያጉረመርሙም ይሰማል። ያ ግን ዝም ነው።

ሊቁ: ጋሼ፣ ብቃት ማለት እሱ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ አያልበውም። የሚያልበው ሥራው የከበደው ነው። እኔን ይዩኝ፤ እዚህ ክፍል ስድስት ዓመት ስቀመጥ አንድ ቀን አልቦኝ ያውቃል?

ጋሼ: አያውቅም። ለሱ እኔም ምስክር እቆማለሁ።

ሊቁ: ይኸው።

ጋሼ: ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ሊቁ: ባይልዎትስ?

ጋሼ: ወጣት ሳለሁ መዝገብ ቤት ሦስት ተላላኪዎች ነበሩን። ሁለቱ ጠዋት ወጥተው የሚገቡት ሥራ መውጫ ላይ ነው፣ እግራቸውን እየጎተቱ። አንደኛው ረፋድ ላይ ተመልሶ ጋዜጣ ያነባል። «ጨረስክ?» እለዋለሁ፤ «ጨረስኩ» ይለኛል። እኔም ጎበዝ ብዬ ጨመርኩለት። ስጨምርለት ይባስ ፈጠነ።

ሊቁ: አዩ፣ ሕጌን እርስዎም ያውቁታል።

ጋሼ: እንዴታ። አሸልሜዋለሁ። ጭብጨባውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

ሊቁ: ታዲያስ?

ጋሼ: አንድ ቀን፣ እንደ ዛሬ ዝናብ ሲጥል፣ እግሩን አየሁት። የሁለቱ ጫማ ጭቃ በጭቃ ነው። የሱ መስታወት ነው። ተከትለነው ስንሄድ፣ ደብዳቤው ሁሉ ድልድይ ሥር ተከምሮ። የዓመት ደብዳቤ። የቅጥር ጥሪ አለበት፣ የሐኪም ቀጠሮ አለበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ጨረስኩ ሲለኝ ፊቱን አላይም፣ ጫማውን ነው።

[ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ሊቁ ጫማ ያያሉ። ያበራል።]

ሊቁ: የቢሮ ሠራተኛ ነኝ።

ጋሼ: ምንም አልወጣኝም።

ሊቁ: ማሽን ጫማ የለውም። ድልድይ ሥርም አይሄድም። «ተቀብያለሁ» ካለ ተቀብሏል።

ጋሼ: ማን ነው «ተቀብያለሁ» ያለው?

ሊቁ: ሰርቨሩ።

ጋሼ: ልጄስ?

ሊቁ: ልጅዎ ምን?

ጋሼ: ቶሎ አይገባኝም አልኩህ እኮ። ስክሪኑ «ተልኳል» የሚለው ልጄ ስትቀበል ነው፣ ወይስ ሰርቨሩ ካንተ ሲቀበል?

ሊቁ: ሰርቨሩ ከኔ ሲቀበል። ያው፣ ከተቀበለ ያደርሳላ።

ጋሼ: እኛ ዘንድ ተላላኪው ሲወስድ አንድ ፊርማ፣ ባለቤቱ ሲቀበል ሌላ ፊርማ ነበር። ሁለተኛውን ያመጣነው ከድልድዩ በኋላ ነው።

ሊቁ: [ወደ ስክሪኑ ዞር ብሎ] የልጅዎን ሙሉ ስም ይንገሩኝ።

ጋሼ: ለምን?

ሊቁ: ቁጥሯን ከዝርዝሩ አውጥቼ አሁኑኑ በወረቀት ላትምልዎት። ይዛ ትግባ፣ ነገሩ እዚሁ ይለቅ።

ጋሼ: የሌሎቹስ?

ሊቁ: የሌሎቹ ደርሷቸዋል አልኩ።

ጋሼ: የሌሎቹ አባት መዝገብ ቤት አይሠራም። ሰርቨር ላይ ኮት አያሰጣም። ነገ ዘበኛው «ቁጥር» ሲላቸው ማንን ይጥሩ? ከጠዋት ጀምሮ ስልካችን እሪ ይላል። «አልደረሰንም» ይላሉ። ጸሐፊዋ ደግሞ ካንተ የሰማችውን ትመልሳለች።

ሊቁ: ምን ብላ?

ጋሼ: «ተልኳል» ብላ። በዚህ ቤት «ተልኳል» የሚል ሰው ሞልቷል። ዳይሬክተሩ «ተልኳል» ይላሉ፣ አንተ «ተልኳል» ትላለህ፣ እኔም እስከ ምሳ ድረስ «ተልኳል» ስል ነበር። ልጄ እስክትደውልልኝ አንድ ጊዜ እንኳ «ደርሷል ወይ» ብዬ አልጠየቅሁም። ያፈርኩት በዚህ ነው።

ሊቁ: ስንት ሰው ደወለ?

ጋሼ: መቶ አሥራ ሁለት። ስልካቸውን ጽፌያለሁ፣ ደብተሩ ይኸው። መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተሳስቶ አንድ ስክሪን ልክ ይሆናል?

[ሊቁ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል።]

ሊቁ: ለእርስዎ ክብር ስል አየዋለሁ። እሺ። የመጀመሪያው ሰርቨር፣ ሁለት መቶ አሥር ደብዳቤ። ሁለተኛው፣ መቶ ዘጠና።

ጋሼ: ምስጉንስ?

ሊቁ: ሦስት ሺህ ሁለት መቶ።

ጋሼ: ጀግና ነው። የት ወሰደው?

ሊቁ: እያየሁ ነው። [ያነባል። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ይቆማሉ።] ጋሼ።

ጋሼ: አቤት።

ሊቁ: ባለፈው ወር ይሄን ሰርቨር ስተክል ሙከራ ላይ ነበርኩ። የሙከራው ደብዳቤ ሰው ዘንድ እንዳይደርስ አንድ ትእዛዝ ሰጥቼው ነበር።

ጋሼ: ምን የሚል?

ሊቁ: «የሰጡህን ሁሉ ተቀብያለሁ በልና ጣለው።»

ጋሼ: ሙከራው ሲያልቅ ትእዛዙን አነሣህ።

ሊቁ: [ዝም ይላል።]

ጋሼ: አሁን ያንተም ዝምታ ደስ አላለኝም።

ሊቁ: ሽልማቱ መጣ። ፎቶ ተነሣሁ። በዚያው ረሳሁት። አከፋፋዩን ደግሞ ፈጥኖ ለጨረሰ ጨምርለት ብዬዋለሁ። ከመጣል የሚፈጥን ሥራ የለም፤ እሱ በጣለ ቁጥር እኔ እጨምርለታለሁ።

ጋሼ: ቆይ፣ አታጣድፈኝ። ድልድዩን የሠራኸው አንተ ነህ?

ሊቁ: አዎ።

ጋሼ: ተላላኪውን «ድልድዩ ሥር ጣለው» ያልከው አንተ ነህ?

ሊቁ: አዎ።

ጋሼ: የሸለምከውም አንተው?

ሊቁ: ማንም ሳያስተምረኝ።

ጋሼ: ብቻህን።

ሊቁ: ብቻዬን። ጋሼ፣ ሰዎቹ «ሊቁ» የሚሉኝ ለዚህ ነው እንዴ?

ጋሼ: ለዚህ እንኳ አይደለም። ይሄን ገና አልሰሙም።

ሊቁ: ዳይሬክተሩ ይሰሙ ይሆን?

ጋሼ: ነገ በር ላይ ሦስት ሺህ ሰው ሲጮኽባቸው ይሰማሉ። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። የምትፈራበት ጊዜ የለህም።

[ሊቁ ይጽፋል። የሦስተኛውን ኬብል ይነቅላል።]

ሊቁ: ምስጉንን ከተራው አወጣሁት። ሦስት ሺህ ሁለት መቶውን ከዝርዝሩ እንደገና አውጥቼ ለሁለቱ ላከፋፍል ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ጋሼ: እንዴት አድርገህ?

ሊቁ: ለአንተ አንድ፣ ለአንተ አንድ።

ጋሼ: እኩል የሚያድል ሞኝ ነው አላልክም?

ሊቁ: ሞኙ ተገኝቷል ጋሼ፣ ሌላ አንፈልግ።

[ሁለቱ ሰርቨሮች ማጉረምረም ይጀምራሉ። ክፍሉ ይሞቃል። ጋሼ ደብተሩንና የክፍሉን ስልክ ሊቁ ፊት ያስቀምጣሉ።]

ሊቁ: ይሄ ምንድን ነው?

ጋሼ: ሁለተኛው ፊርማ። ማሽኑን አትጠይቅ፣ ሰዎቹን ጠይቅ።

ሊቁ: መቶ አሥራ ሁለቱንም?

ጋሼ: ብቻህን መሥራት ትወድ የለም?

[ሊቁ ይደውላል።]

ሊቁ: ጤና ይስጥልኝ፣ ከኮሌጁ ነው። የፈተናው ደብዳቤ ደረሰዎት ወይ? አሁን ገባ? ጥሩ። ... አዎ፣ የላክሁት እኔ ነኝ። ... ልክ ነዎት። ... እሱም ልክ ነው። ... አይ፣ አባቴን እንኳ ባይጨምሩት። ... እሺ፣ እነግራቸዋለሁ። [ስልኩን ይዘጋል።] ደርሷቸዋል።

ጋሼ: ምን አሉህ?

ሊቁ: እርስዎ በጨዋ ቋንቋ የነገሩኝን።

[አንድ በአንድ እየደወለ ያልፋል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የጋሼ ስልክ ይጠራል።]

ጋሼ: አቤት ልጄ። ገባልሽ? ቁጥሩን አንብቢልኝ። ... ክፍሉንስ? ... በይ ዛሬ በጊዜ ተኚ፣ ነገ ማልደሽ ተነሺ። አይ፣ እኔ አመሻለሁ። አንድ ተላላኪ አለ፣ አዲስ ነው፣ እያሳየሁት ነው።

ሊቁ: ልጅዎ ካገኘች እንግዲህ ይሂዱ። ያመሻሉ።

ጋሼ: ስንት ቀረህ?

ሊቁ: ሠላሳ አንድ። አሥራ አራት ሰው ስልክ አላነሣም። መጻፊያ ወረቀት አለቀብኝ።

[ጋሼ ከሦስተኛው ሰርቨር ላይ «ምስጉን ሠራተኛ» የሚለውን ይልጣሉ።]

ሊቁ: እሱን ይጣሉት።

ጋሼ: በዚህ ክፍል መጣል በዝቷል። ጀርባው ባዶ ነው፤ ያላነሡትን ጻፍበት፣ ነገ ማለዳ በር ላይ ቆመን በስማቸው እንጠራቸዋለን።

[ሊቁ ይጽፋል። ከግንባሩ አንድ የላብ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ጋሼ የእጃቸውን ጀርባ ሊቁ ግንባር ላይ ያሳርፋሉ፤ ቀደም ሲል ሰርቨሮቹን እንደነኩት።]

ሊቁ: ምን እያደረጉ ነው?

ጋሼ: [ኮታቸውን ከሰርቨሩ አንሥተው፣ እርጥቡን እጅጌ ወደ ውስጥ መልሰው፣ ሊቁ ትከሻ ላይ እያሰጡ] ሞቀሃል። አሁን አንተም ኮት ታደርቃለህ።