ጣራው የሚቀድስ ቤት

እናንተ፣ ጣራ ሲቀድስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ሰባታሚት ሰፈራችን፣ ጎረቤቴ ደሳለኝ ቤት ሰማሁ። ይህ ሰው መብራት እንኳ የሚያጠፋው በስልኩ ነው። አሁን ደግሞ በየክፍሉ ጣራ ድምፅ ማጉያ ቀብሮ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን፣ መራዊ ላይ የመስኖ ውኃ በየቦዩ እንደሚለቀቅ ዜማውን ለቤቱ ሁሉ ይለቀዋል። ምን ዓይነት ጥበብ ነው?

ቅዳሜ አባቱ፣ ቄስ ዓለሙ፣ ከይፋግ መጡ። ለክብራቸው ቅዳሴ ከፈተ። ዜማው ከየማዕዘኑ ሲፈስ፣ እውነቴን ነው፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ቄሱ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። እኛም ምሳ የተጠራነው ጎረቤቶች ቆምን። የቀረበው ወጥ ቀዘቀዘ።

«አባየ፣ ይቀመጡ እንጂ!»

«እየተቀደሰ?»

ደሳለኝ ሊያጠፋው ስልኩን ቢያወጣ ባትሪው አልቋል። ሌላ ማጥፊያ ደግሞ ቤቱ የለውም!

ቄሱ ከመንገድ የመጡ ናቸውና መጸዳጃ ቤት ጠየቁ። በሩን ከፍተው ሊገቡ ሲሉ ከዚያም ጣራ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ወረደ። በሩን ቀስ ብለው መልሰው ዘጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ ቤቱን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አድርገኸዋል፤ እግዜር ይስጥህ። ሽንት ቤቱንስ የት ልትሠራው ነው?»