«ላስቲኩን አታውልቁ» ያልኳችሁ ሰውዬ ነኝ

ይሄን የምጽፍላችሁ ሚነርቫ ፓርክ፣ የሰው አፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። በሸበጥ! ካልሲ እንኳን የለኝም።

ምን ሆንክ በሉኝ። ኧረ በሉኝ፣ ዛሬ የማልችለው ነገር የለም።

ዛሬ በገዛ መኝታ ቤቴ፣ ሚስቴ ፊት፣ ጎረቤቴ ፊት፣ አንዲት ነርስ አንሶላ ገልጣ አዋረደችኝ። እሷስ ምን አደረገች? ሥራዋን ነው የሠራችው። ያዋረድኩት እኔው ራሴን ነው።

ለአዲስ ፎሎወሮቼ ባጭሩ፣ መስፍን እባላለሁ። ኮለምበስ ነው የምኖረው፣ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ባለቤቴ ቤዛ በቅርቡ በሰላም ተገላግላ ናኦድ የሚባል ወንድ ልጅ ታቅፈናል። ነባሮቹማ ታውቁኛላችሁ። ኢንስፔክተሩ ነኝ!

ስሙን ያወጣችሁልኝ እናንተው ናችሁ። ቤዛ እርጉዝ እያለች፣ ከአልጋ ጎን የሚገጠም የሕፃን አልጋ፣ ያው ቤድሳይድ ክሪብ የሚሉትን፣ ስመርጥ ያያችሁኝ ታስታውሳላችሁ። ሰው ቤት ሲገዛ እንኳን እንደዚያ አያጠናም።

የመጀመሪያውን ሪተርን አደረግኩት። ፍራሹ በእጅ ሲነካ ስምጥ ይላል። ሕፃን የሚተኛው ጠንከር ያለ፣ ዝርግ ፍራሽ ላይ ነው!

ሁለተኛውንም ሪተርን አደረግኩት። ዳር ዳሩ በስፖንጅ ታጭቆ፣ ዳንቴል ተሰፍቶበት፣ ሙሽራ ሊቀመጥበት የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ቤዛ ወዳው ነበር። አልቅሳለች። እኔ ግን ፍንክች አላልኩም።

ሦስተኛው ደግሞ ቁመቱ ከአልጋችን ጋር አልገጥም አለ። የአሜሪካ አልጋ ታውቁት የለ? መሰላል ነው የሚፈልገው። በክሪቡና በአልጋው መሀል ክፍተት ካለ ደግሞ ሕፃን እዚያ ውስጥ ይሰነቀራል። መለስኩ? መለስኩ!

አራተኛውን ያገኘሁት አፐር አርሊንግተን አካባቢ አንድ የሕፃናት ዕቃ መሸጫ ሄጄ ነው። ጎኑ መረብ ነው። መረቡ አየር ያሳልፍ እንደሆነ ለማወቅ ሱቁ መሀል ተንበርክኬ፣ አፌንና አፍንጫዬን መረቡ ላይ ለጥፌ ተነፈስኩ። ሻጩ መጥቶ «ሰር፣ አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። አባት ልሆን ነው አልኩት።

ቤት አምጥቼ ከአልጋችን ጋር በቀበቶው ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ የጤፍ ዱቄት ከረጢት አስተኝቼበት ወዘወዝኩት። ንቅንቅ አላለም።

ከዚያማ ቪዲዮ ለቀቅኩላችኋ! ቫይራል ሆንኩ። ቫይራል ስል በኛ ሰው ልክ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው እያስቆመ ሊንኩን ላክልኝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ መሬት አልበቃኝም።

ልጅ በጀርባው ይተኛ አልኳችሁ። ትራስ የለም! ብርድ ልብስ የለም! አሻንጉሊት የለም! ክሪቡ ባዶ ይሁን! ይሄ ሁሉ ልክ ነው፣ ዛሬም ልክ ነው።

መጨረሻ ላይ ግን፣ ምን እንደቀበጠኝ እንጃ፣ ከራሴ ጨመርኩበት።

«የፍራሹን ላስቲክ እንዳታወልቁ! አንሶላውን ከላይ አልብሱት። ልጁ ቢያስመልስ፣ ቢሸና፣ በሶፍት ጠረግ ነው። ፍራሹ ለሁለተኛው ልጅ አዲስ እንደሆነ ይቆያችኋል።»

እንዲህ ብያለሁ። በአፌ። ጣቴን ቀስሬ!

አትሳቁ! እናንተ ቤት ላስቲክ የለም? ሪሞቱን በላስቲክ የጠቀለለው ማነው? የፍሪጁን ስቲከር እስከዛሬ ያላነሳችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። የኔ ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ ላዩ ላይ ነው፣ በጋ በጋ እንግዳ ሲነሳ ቆዳው አብሮ የሚነሳ ነው የሚመስለው። አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ከወለቀ ዕለት ጀምሮ አሮጌ ነው እየተባልን አይደል ያደግነው?

ቤዛ አንድ ቀን «መስፍኔ፣ ይሄ ነገር ግን አይወልቅም?» ብላኛለች። አልዋሻችሁም፣ ብላኛለች።

«ቤዚ፣ ማነው ያጠናው?» አልኳት።

ተወችው። አራስ ናት፣ ደክሟታል፣ እኔ ደግሞ ቪዲዮ የለቀቅኩ ሰው ነኝ።

ናኦድ ሲንቀሳቀስ ላስቲኩ ከሥሩ ኮሽ ኮሽ ይላል። ለዚህም መልስ ነበረኝ! ፈረንጅ ለልጁ ማስተኛ ዋይት ኖይዝ የሚያወጣ ማሽን በገንዘቡ ይገዛል፣ የኛ ፍራሽ አብሮት ነው የመጣው አልኳት። ቤዛን አሳቅኳት። በራሴም ሳቅኩ።

ጠዋት ጠዋት የልጁ ማጅራት በላብ ርሶ እናገኘዋለን። ሂተሩን ቀነስኩ። ልብሱን አሳሳሁ። ኢንስፔክተሩ አንሶላውን ገልጦ አላየም።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ጉድ ልግባ።

አዲስ የወለዱ እናቶችን ቤት ለቤት የምትጎበኝ ነርስ ዛሬ ቀጠሮ ነበራት። እኔም ተዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኳት፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ! «ባለሙያዋ የመስፍንን ክሪብ ስታደንቅ» የሚል ቪዲዮ ልሠራላችሁ ነበር። ልቅረጽሽ ስላት «ኖ፣ ሶሪ» አለችኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን እግዜር ይስጣት ነው የምላት።

እትዬ አስካለም ቤት ነበሩ። እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናቸው፣ ቤዛ ከወለደች ጀምሮ ገንፎውን እያገነፉ፣ አራሷን እየጠየቁ ያሉት እሳቸው ናቸው። ከኔ ጋር ግን ትንሽ ተኮራርፈናል። ለናኦድ በእጃቸው የሠሩትን ብርድ ልብስ ይዘው ሲመጡ፣ «እትዬ፣ ይሄ ክሪብ ውስጥ ከገባ ልጁን ያፍነዋል!» ብዬ ሰው ፊት መለስኩባቸው። ባልመልስም ሆነ ብመልስ ብርድ ልብሱ አይገባም፣ ግን አመላለስ አለ አይደል?

ነርሷን ከበር ጀምሬ ቱር ሰጠኋት። ቀበቶውን ሳበችው፣ «ግሬት!» አለች። በአልጋውና በክሪቡ መሀል እጇን ልትሰድ ሞከረች፣ አልገባም፣ «ግሬት!» አለች። ብርድ ልብስ እንደሌለ አየች፣ «ኦ፣ ፐርፌክት!»

እኔ እትዬ አስካለን በጎን አየኋቸው። አንገቴ ሰጎን አክሎ ነበር።

ከዚያ ነርሷ ፍራሹን በመዳፏ ጫን አለችው።

ኮሽ!

ደገመችው። ኮሽ!

«ዳድ፣ ዋት ኢዝ ዛት ሳውንድ?»

እኔ ሆዬ አውራ ጣቴን አንስቼ፣ «ዋይት ኖይዝ!» አልኳት።

አልሳቀችም። አንሶላውን ከጫፉ ገለጠችው። ላስቲኩ ላይ በትላልቁ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ሥዕል አለው፣ የሕፃን ፊት ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበት! እኔ የሰው ሪቪው ሁሉ አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ይሄን ግን አላየሁትም።

ቀጥላ ወደ ራስጌው በኩል ገለጠች። ላስቲኩ ተቀድዷል። ናኦድ አፉን በሚያዞርበት በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ተልጦ፣ ከአንሶላው ዳር ብቅ ብሏል።

ነርሷ ቁራጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ አስረዳችን። ይሄ ፊቱ ላይ ቢለጠፍ ራሱ ሊያነሳው አይችልም፣ ድምፅም አያሰማም አለችን። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ክው አልኩ።

ቤዛ ናኦድን ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ አቀፈችውና «መስፍን» አለችኝ። መስፍኔ አይደለም። መስፍን።

ወገኖቼ፣ ፈርቻለሁ። ቀልዱ ለጊዜው ይቅር፣ በሕይወቴ እንደዛሬ ፈርቼ አላውቅም። ሌሊት ሌሊት ያ ኮሽታ ሲሰማ «የኔ ጎበዝ፣ ተኝቶልኛል» እያልኩ ነበር እኔም የምተኛው።

ነርሷ ላስቲኩን ገፍፋ አወጣችው፣ ፍራሹን አንሶላ ብቻ አለበሰችው። እትዬ አስካለ በሩ ጋ ቆመው ነበር። «የኔ ብርድ ልብስ ነው አይደል የሚያፍነው?» አሉኝ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ነው ዳዊት ትዝ ያለኝ።

ዳዊት በዲቪ የመጣ፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። ሚስቱ ሂሩት ከቤዛ ትንሽ ቀደም ብላ ሴት ልጅ ወልዳለች። ክሪቡን በኔ ቪዲዮ ነው የገዙት። የገጠምኩላቸው ደግሞ እኔ ነኝ! ዳዊት ላስቲኩን ሊቀድ ሲል እጁን የያዝኩት፣ አንሶላውን ከላስቲኩ በላይ ያለበስኩት፣ በዚህ በገዛ እጄ ነው።

ደወልኩለት። አያነሳም፣ ሺፍት ላይ ነው፣ ስልክ ይዞ ፍሎር ላይ መግባት አይቻልም። ለሂሩት ደወልኩ። አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አታነሳም!

በሸበጥ ወጣሁ። ነርሷን እንኳን በወጉ አልተሰናበትኳትም። እንዴት ነድቼ ሚነርቫ ፓርክ እንደደረስኩ አላውቀውም፣ አምላኬን እየተለማመንኩ ነው የደረስኩት። የሰው ልጅ ናት! በኔ ቀረርቶ የሰው ልጅ አንድ ነገር ብትሆን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

በሩን ደበደብኩት። ሂሩት ከፍታ፣ ልጇን እንዳልቀሰቅስባት በሹክሹክታ፣ «ጋሼ! ምነው በሰላም ነው? ስልኩን ሳይለንት አድርጌው እኮ ነው» አለችኝ።

«ላስቲኩ! ልጅቷ የታለች? ላስቲኩ!»

መኝታ ቤት ሮጥኩ። ልጅቷ በጀርባዋ ተዘርግታ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ፍራሹን በጣቴ ጫን አደረግኩት።

ጭጭ።

እንደገና ጫንኩት። ጭጭ!

ዞር ስል ሂሩት ፊቷ ቀልቷል። እጇን ታፍተለትላለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «እርስዎ ገጥመው የወጡ ዕለት ነው ያወለቅነው።»

«እና ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ኧረ በስማም! እርስዎን? ያን ሁሉ ደክመው ገጥመውልን፣ እንዴት ተብሎ? ቅር ይልዎታል ብለን ነው።»

ቆይ! ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው መጥቼ ፍራሹን መታ መታ አድርጌ፣ ኮሽታውን ሰምቼ፣ «ጎበዞች!» ብያቸው ነበር የወጣሁት። ይሄንን ጠየቅኳት።

ሂሩት መሬት መሬት እያየች ቁምሳጥኑን ከፈተችው። ላስቲኩ ሥነ ሥርዓት ባለው መንገድ ታጥፎ ተቀምጧል። እኔ እመጣለሁ ብዬ ስደውል ልጅቷን አቅፈው ያነሷታል፣ ላስቲኩን መልሰው ያለብሱታል፣ ስሄድ ያወልቁታል።

ለኔ ክብር! እንደ ባንዲራ ያወጡታል ያወርዱታል!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደስ ብሎኝ ደግሞ እንባዬ መጣ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጣ ምን ዓይነት ፊት እንደሚሆን ሂሩት ነግራ ታስቃችሁ።

ወጥቼ መኪና ውስጥ ገባሁና፣ በአንተ ቪዲዮ ክሪብ ገዛን ያላችሁኝን አንድ በአንድ ኮል አደረግኳችሁ። ያወራኋችሁ ታውቃላችሁ። «ኧረ እኛማ ያኔውኑ አውጥተነዋል።» «እኔ እንኳን ልነግርህ ነበር፣ ግን ሰው ፊት ነው ብዬ።» አንዷ ደግሞ «የመከርከው በቅንነት ስለሆነ ላይክ አድርጌ አለፍኩት» አለችኝ። ላይክ አድርጋ አለፈችው!

በዚህ ሁሉ ኮለምበስ ላስቲክ ላይ የሚተኛ ሕፃን አንድ ብቻ ነበር። የኔ።

አሁን ቪዲዮው ሥር ያለውን ኮመንት እንደገና እያነበብኩ ነው። ልብ ብቻ ነው። «ተባረክ» ነው። «እንዳንተ ያለ አባት ያብዛልን» ነው። ኮሽታው በቪዲዮው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል እኮ! ሰምታችኋል። ልጄ የሚተኛበት መሆኑንም ታውቃላችሁ። የኔ ፊት እንዳይጠቁር ብላችሁ ዝም አላችሁኝ።

እናንተን ብቻ ልውቀስ እንዳልል፣ ማን ይንገረኝ? ሚስቱ ስትጠይቀው «ማነው ያጠናው?» የሚል፣ እናት የሚያህሉ ሴትዮ ላይ ሰው ፊት የሚጮህ ሰውዬ ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ይሉኝታችሁን እኔው ነኝ ቀልቤ ያሳደግኩት።

ስለዚህ ይኸው ማረሚያ፣ ለሁላችሁም፣ ሼር አድርጉት። ላስቲኩን አውልቁ! ቀዳችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ፍራሹ ያርጅ፣ ልጁ ይደግ።

ቪዲዮውን አጠፋዋለሁ። እትዬ አስካለን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቤዛን ደግሞ ከየት እንደምጀምር አላውቅም፣ እግሯ ላይ ነው የምወድቀው።

ሞተሩን ላስነሳ ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ባለፈው ሳምንት የናኦድን ካርሲት፣ ያው የሕፃን መቀመጫውን፣ መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚገጠም ላይቭ ገብቼ አሳይቻችሁ ነበር። ከክሪቡ የበለጠ ልብ ነው የላካችሁልኝ። ይኸው ዞር ብዬ እያየሁት ነው።

በፈጠራችሁ አምላክ፣ እሱስ ልክ ነው?