ማን ቀድሞ ወጋ

የንጉሥ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከንጉሡ ማዕድ በልቷል፣ ወይ በንጉሡ ጅራፍ ተገርፏል። ያልበላና ያልተገረፈ ምን በወጣው ይጽፋል? ስለዚህ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ሲያጋጥማችሁ፣ ከመግለጣችሁ በፊት ደራሲው ማን ቤት እራት ይበላ እንደነበር ጠይቁ። ግማሹን እንዳነበባችሁ ቁጠሩት።

ይህን ያወቅሁት አሜሪካ፣ ዌስት ሴንት ፖል፣ ቲቸር ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ቲቸር ህንዳዊ ናቸው። አባቴ አስመራ በሚሠራበት ዘመን እኔንና በርሄን አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጠው ታሪክ አስተምረውናል። አሁን ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከአያታቸው የወረሷቸው ሁለት አሮጌ መጻሕፍት አሏቸው፤ ሁለቱም የአንድ የህንድ ተዋጊ ንጉሥ የሕይወት ታሪክ። ቆዳቸው ተላልጧል፣ ሲገለጡ የብል መድኃኒት ይሸታሉ። አንዱን የጻፈው እንግሊዛዊ ነው፤ ንጉሡ ለእሱ የተራራ ቀማኛ ነው። ሌላውን የጻፈው ያገሩ ሰው ነው፤ ንጉሡ ለእሱ ሊያርግ ትንሽ የቀረው ቅዱስ ነው።

የቲቸርን ዓይን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን እናነብላቸዋለን። እንግሊዛዊው የእኔ ድርሻ፣ ያገሬው ሰው የበርሄ። በርሄ ታክሲ ይነዳል፤ ከምኖርበት ሰፈር ከፍሮግታውን አንስቶ ይወስደኝና ይመልሰኝ ነበር።

ነበር።

ባድመ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር እሱ ኤርትራዊ እኔ ኢትዮጵያዊ መሆናችን ትዝ አለንና፣ ማን ቀድሞ ተኮሰ በሚል ተኳረፍን። የልጅነት ጓደኝነታችን እዚያ ላይ ቆመ። እኔም አውቶቡስ መጠበቅ ጀመርኩ። በጥር። ሚኒሶታ ውስጥ።

ንባቡን ግን ማን ያቁመው? ለቲቸር "ተጣልተናል" ብሎ የሚናገር ደፋር ከሁለታችንም አልተገኘም። ሰው ፀጉሩ ሸብቶም አስተማሪውን ይፈራል። ስለዚህ አንድ ሶፋ ላይ ጫፍና ጫፍ ተቀምጠን ለእሳቸው እናነባለን፤ እርስ በርሳችን ግን ቃል አንተነፍስም።

አንድ ቅዳሜ ንጉሡና የጠላቱ ጦር አዛዥ ለእርቅ የተገናኙበት ቦታ ደረስን። ድንኳን ውስጥ ተቃቀፉ። አዛዡ ጩቤ ታጥቋል፤ ንጉሡ መዳፉ ውስጥ የነብር ጥፍር የመሰለ ብረት ደብቋል። ከእቅፉ በሕይወት የወጣው ንጉሡ ብቻ ነው። በእኔ መጽሐፍ ቀድሞ የወጋው ንጉሡ ነው። በርሄ ተራው ደርሶ ሲያነብ ቀድሞ የወጋው አዛዡ ሆኖ ተገኘ።

"ውሸት ነው" አልኩ ሳላስበው።

በርሄ መነጽሩን አወለቀ። "አንተ እዚያ ነበርክ?"

"ታዲያ ጥፍሩን ለምን ይዞ መጣ? ጀርባውን ሊያክለት?"

"ሰውየውስ ጩቤውን? ብርቱካን ሊልጥለት? ስማ፣ ያንተ እንግሊዝ ለማን ተቀጥሮ ነው የጻፈው?"

"ያንተስ የንጉሡ ምኑ ነው? አጎቱ?"

ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ያለቀ የሰው አገር ጠብ ነው እንግዲህ። ወራት ሙሉ ተዘግቶ የከረመ አፋችን ለዚህ ተከፈተ። ፍርድ ፈልገን ወደ ቲቸር ዞርን። አንገታቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

"ቀስ በል፣ ትቀሰቅሳቸዋለህ" አለ በርሄ።

በሹክሹክታ ቀጠልን። በሹክሹክታ መጣላት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሌላው የሚለውን ለመስማት መጠጋት ግድ ነው። እኔ ትንሽ ተጠጋሁ፣ እሱም ትንሽ። የቲቸር ልጅ ከሥራ ስትገባ ሶፋው መሃል፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን አገኘችን።

ስንወጣ በርሄ የታክሲውን በር ከፈተ።

"ግባ። ድራይቭ እያደረግኩ እንጨርሰዋለን።"

ገባሁ። ሮበርት ስትሪትን ይዘን ወረድን። ድልድዩን ስንሻገር ንጉሡንም አዛዡንም ትተን ባድመ ደርሰን ነበር። የሚገርመው፣ የሚቀሰቀስ ሰው ሳይኖር ድምፃችን ዝቅ እንዳለ ቀርቷል። አልተስማማንም። እንዴት ብለን እንስማማለን? ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል።

ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የምኖርበትን ሕንፃ አለፍነው። እሱም አየ፣ እኔም አየሁ።

"እና፣ ምን ልትል ነበር?" አለኝ፤ መንዳቱን ቀጠለ።