እህቴን ላሻግርባት ያልኋት ጀልባ

ወጣቶቹ ቪዲዮውን ሳይለቁት በፊት ከእኔው አፍ ስሙት።

ዛሬ አገር ተሰብስቦ እያየኝ ከነጀልባዬ ሰጠምሁ!

አዎ፣ ጀልባ። እዚህ ስማዳ። ሳቁና ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

ከወገዳ ከተማ በታች ያለው ወንዛችን ክረምት ሲሞላ አገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ድልድዩ ሩቅ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ ዘርፌ ከወዲያ ማዶ ናት። ክረምቱን ሙሉ የምንተያየው እንደ ሁለት ጉቶ ፊት ለፊት ቆመን ነው። አሁንማ ጉልበቷ ደክሞ፣ ውሃው ቢጎድልም በእግሯ መሻገር ፈርታለች።

ድሮ ሁላችንንም የሚያሻግረን ባሏ አያ ታከለ ነበር፣ በገዛ እጁ በሠራት የእንጨት ጀልባ። ሊሞት ሰሞን ግን ጀልባዋን ድንጋይ ሞልቶ ወንዙ ውስጥ አሰመጣት። "ከእኔ ወዲያ ማንም እንዳይጠቀምባት ብሎ ነው" አልን። እኔማ አማሁት፣ አማሁት፣ አልጠግብ አልሁ።

ዘንድሮ በበጋው ውሃው ሲጎድል የጀልባዋ አፍንጫ ብቅ አለ። ወዲያው ፖስት አደረግሁ፦ "ቅርሳችን ጭቃ ውስጥ ነው! እናንት ሰነፎች የት ናችሁ?"

ሰው የምጋብዘው እንዲህ ነው። ምን ላድርግ?

መጡ እኮ! የወገዳ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ መጡ። ነጋዴው ሰይድ ሚስማርና ሬንጅ ተሸክሞ መጣ። መምሬ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን መጠለያ ሰጡን። ግን ቃል አስገቡን፦ "ክረምቱ ሲወጣ ካልተንሳፈፈች እንጨቷ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ይሆናል።"

አሁን ጥንቃቄያችንን ተመልከቱልኝ።

አንድ ጠብታ ውሃ አላስነካናትም! ቆርቆሮ ሥር አስገባናት። ክረምቱን በሙሉ ከጎኗ እሳት አነደድንላት። የገዛ ቤቴ ጣራ እያፈሰሰ የእሷን ጣራ ደፈንሁ። በሳንቃዎቹ መካከል ስንጥቅ ብቅ ሲል "በደንብ እየደረቀች ነው!" ተባብለን ተደሰትን። ሬንጅ ለቅልቀን አለፍነው።

በመጨረሻ ስም ጻፍሁባት። ፊደል የቆጠርሁት ሸብቼ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ፊደሎቼ ጥጃ ጥጃ ያካክላሉ። "ዘርፌ" አልሁ፣ በቀይ ቀለም። እትዬን ላስደንቃት ብዬ ማንም እንዳይነግራት ከልክዬ ነበር። ዛሬ ብቻ "ወንዙ ዳር ውረጂ" ብዬ ላክሁባት።

ወረደች። ነጠላዋን አጣፍታ ከማዶ ቆመች።

መምሬ ባረኩ። "ይግቡ እንጂ መምሬ!" አልኋቸው።

"እኔ ከዚሁ ሆኜ እጸልይላችኋለሁ" አሉኝ።

ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር!

እኔና ሰይድ ገባን። ወጣቶቹ ገመዱን ይዘው ገፉን። እኔም ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ "እትዬ! በስምሽ ነው የጠራናት!" ብዬ ጮህሁ።

ቁርጭምጭሚቴ ቀዘቀዘኝ።

ከዚያ ጉልበቴ።

"ይህ ነገር የታሰበበት ነው?" አለኝ ሰይድ፣ ጃንጥላውን እንደዘረጋ።

ውሃው በየስንጥቁ እንደ ምንጭ ይፈልቃል! በእጄ እዚህ ስደፍን እዚያ ይፈሳል። ወገባችን ድረስ ገብተን ቆምን። ከጀልባዋ ላይ የቀረው "ዘ" ብቻ ነው።

"ስሜን አሰመጥኸው!" አለች እትዬ ከማዶ። "ለመሆኑ ማን አውጧት አላችሁ?"

"ላስደንቅሽ ብዬ ነው!"

"አስደንቀኸኛል! የት ነበር ያስቀመጥኻት?"

"ደረቅ ቦታ! እሳት ዳር!"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ፦ "አንተ! መጥረቢያህ ከእጀታው ሲላላ ምን ታደርገዋለህ?"

"ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ።"

"ለምን?"

"እንጨቱ አብጦ እንዲጠብቅ..."

የሰመጠችውን ጀልባ አየኋት።

ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ገበሬ ነው እኮ! መጥረቢያውን የማይነክር የለም። ጀልባዋም እንጨት መሆኗ ግን ለአንዳችንም አልታየንም። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

"ታከለ ለሥራ በማትወጣበት ጊዜ ሁሉ ያሰምጣት ነበር፣ እንዳትሰነጠቅ!" አለች። "ተረካቢ ሲመጣ ደህና ሆና ያግኛት ብሎ ነው የተዋት!"

አያ ታከለ፣ ይቅር በለኝ። እናንተም ጎረቤቶቼ፣ እሱን ያማሁላችሁን ሐሜት መልሱልኝ።

መምሬ ለወንበሩ እንጨት የሚለካ አናጢ አስከትለው መጥተው ነበር። እምነታቸው እዚህ ድረስ ነው! አናጢው ሜትሩን ዘረጋ። "እባክዎ መምሬ" አልሁ። እኔ፣ ለምኜ የማላውቀው ሰውዬ!

መምሬ ውሃ ውስጥ የቀረችውን "ዘ" አዩዋት። እትዬንም አዩዋት።

"ጀልባዋ ሱባኤ ገብታለች" አሉ። "ሱባኤ የገባ አይረበሽም። ሜትርህን ጠቅልል።"

ያ ሁሉ ወጣት እየሳቀ ውሃ ውስጥ ገባ። በበጋው ያወጣነውን ድንጋይ አንድ በአንድ መልሰን ሞላናት። ሰይድም ጃንጥላውን አጥፎ ድንጋይ አቀበለን። እንዲህ ተስማምተን ሠርተን አናውቅም።

"ውሃዋን ስትጠግብ ላኩብኝ!" አለች እትዬ። "መጀመሪያ የምሻገርባት እኔ ነኝ! አንተም አብረሃት ተነከር! ደርቀህ ደርቀህ አፍህ ሁሉ ስንጥቅ ሆኗል!"

ኮሜንት ላይ ከምትሰድቡኝ ይልቅ አንድ ነገር ንገሩኝ። ይኸው እግሬን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምጽፍላችሁ።

የእኔ ዓይነቱ እንጨት ስንት ቀን ይፈጅበታል?