«ሞተ» የማይባልበት አገር

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩበት ነው ይህን ሕልም ያየሁት። እሱን ከማውራቴ በፊት ግን ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው ሥራዬ ነው። ከውጭ የሚመጡ የቪዲዮ ጌሞችን አማርኛ አደርጋለሁ። መተርጎም ብቻ አይደለም፤ የእኛን ሰው ያስቀይማል ወይም ያስደነግጣል የተባለውን ማለዘብም የእኔ ድርሻ ነው። ደሙን አረንጓዴ አስደርጋለሁ፣ መጠጥ ቤቱን ሻይ ቤት፣ መቃብሩን አትክልት ቦታ እለዋለሁ። በዚያ ሳምንት የያዝኩት ጌም ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆማ ለሚያልፍ ለሚያገድመው «ባሌን ገደሉት» ትላለች። ጌሙ ለልጆች ነው ስለተባልኩ «ባሌ መንገድ ሄዷል» ብዬ ቀየርኩላት።

ሁለተኛው ወንድሜ ምንይችል ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ቀን በፊት አዋሽ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አብራኝ የምትኖረው እናታችን ግን አልሰማችም። ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ገና መውጣቷ ነበር፤ ሐኪሙም ለቅሶ እንዳይነካት አጥብቆ አስጠንቅቆናል። አጎታችን ጋሽ ዘገየ ዓይኗ እስኪድን መርዶው ይቆይ አሉ። እሷ ሳትኖር ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ በጠየቀችኝ ቁጥር ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው ያለው፣ ሰላም በያት ብሏል እያልኩ ሰነበትኩ።

በሕልሜ መገናኛ ቆሜ ነበር። የቀበሌ ሠራተኞች ወንበራቸውን እንደተሸከሙ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ። አንድ ባለጉዳይ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማኅተማቸውን እየተቀበለ ያያል፣ ነገ ተመለሱ እያለም ይሸኛቸዋል። ታክሲው ውስጥ ተሳፋሪዎቹ ሁሉም መሪ ይዘዋል፤ ሾፌሩ በር ላይ ተንጠልጥሎ ወራጅ አለ እያለ ይለምናል፣ የሚሰማው ግን የለም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ እጄን የሆነ ነገር ቧጨረኝና ሳየው የሚወርደው ደም አረንጓዴ ነው። ለሚያልፉት ሰዎች አሳየኋቸው። አንዳቸውም አልደነገጡም። ቀረብ ብዬ ሳያቸው የማንም ፊት ላይ ጠባሳ የለም፣ ሽብሽባት የለም፤ ሁሉም እንደተላጠ እንቁላል ልስልስ ብሏል። ያኔ ፈራሁ።

ከሰልፉ አንዱ ሠራተኛ ክንዴን ይዞ፣ «ተራዎ ደርሷል እመቤት፣ እርስዎን ነው የሚጠብቁት» አለኝና በአንድ በር አስገባኝ።

የገባሁት የራሴ ቢሮ ነው። ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው ግን የጉድጓዷ ሴት ናት። በዚያው ጌም ሰይፉን ወስጄ መጥረጊያ ያስያዝኩት ወታደር በሩ ላይ ቆሟል፣ መጥረጊያውን ወደ እኔ አዙሮ። ሴትየዋ ቀና ብላ ሳታየኝ ሥራዋን አስረዳችኝ። እዚያ አገር የሚጫወቱት እነሱ ናቸው፤ ጌሙ እኛ ነን። ሕዝባቸው ስስ ስለሆነ የእኛ ኑሮ እንዳለ ቢቀርብለት ይታመማል። ስለዚህ እያለዘበችን ነው።

ስክሪኑ ላይ ቤታችን ይታያል። እናቴ ዓይኗ ታሽጎ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሴትየዋ በጣቷ ፋሻውን አነሳችው። ሥሩ ዓይን አልነበረም። ግንባሯ ቁልቁል ሜዳ ሆኖ እስከ ጉንጯ ወርዷል።

«ምን አደረግሻት?» አልኳት።

«እንዳታለቅስ ነዋ» አለች። «እናንተም የፈለጋችሁት ይህንኑ አይደል?»

ልሸሽ ዞር ስል በሩ ላይ ወታደሩ የለም፤ በእሱ ቦታ የቆመው ምንይችል ነው። ያንን የዘይት እድፍ ያለበትን ጃኬት ለብሷል። አንድም ቦታ አልተጎዳም። ልይዘው እጄን ስዘረጋ፣ «ደህና ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሰላም በያት» አለ። ድምፁ የራሱ ነው። ከንፈሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ድምፁ ካለቀ በኋላ እንኳ ከንፈሩ መንቀሳቀሱን አላቆመም። ይህን ስህተት ከሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ቃሉን ስንቀይር አፉ የድሮውን እያለ ይቀራል። ድምፁን ትቼ አፉን አየሁት። ሞቻለሁ ይላል። ንገሪያት ይላል። ደረቱ ይነሳል ይወድቃል፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ያው ደህና ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ ብቻ ነው።

ሴትየዋ ወረቀት ገፋችልኝ። ከፈረምኩ ምንይችል ለዘላለም እንዲሁ ሆኖ ይቀራል አለችኝ። አልፈርምም አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሲያዩት ክፉ ፊት አልነበረም፣ ደክሟታል።

«እኔ ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ባሌ መንገድ ሄዷል እላለሁ። ሰዉ መቼ ይመለሳል ይለኛል። የምመልሰውን አልጻፍሽልኝም። መሞቱን እያወቅኩ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።»

ስክሪኑን ሳይ እናቴ ከአልጋዋ ወርዳለች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ለምንይችል ምሳ ቋጥራ፣ ያንን ዓይን የሌለው ፊቷን አቅንታ በግድግዳው እየተደገፈች ወደ አስፋልቱ ወጣች። መኪኖቹ ይከንፋሉ። ልጇ የሚመጣበትን መንገድ ልትጠብቅ ነው። እማዬ ተመለሺ ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት የወጣው «መንገድ ሄዷል» የሚል ነው። እንደገና ሞከርኩ። መንገድ ሄዷል። ሦስተኛም ያው። እዚያ አገር «ሞተ» የሚል ቃል የለም፤ ምላሴ ላይ ሲደርስ ይቀየራል። እናቴ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች። ምንይችል ፊቴ ቆሞ በከንፈሩ ብቻ ይለምነኛል። አረንጓዴ የሚደማውን እጄን ነከስኩና ባለ በሌለ ኃይሌ፣

«ሞቷል! ቀብረነዋል!» አልኩ።

የቀሰቀሰኝ የራሴ ድምፅ ነው። ጉሮሮዬ ይነደኛል፣ ቤቱ በፀሐይ ተሞልቷል። እናቴ የሳሎኑ በር ላይ ቆማለች። ሐኪሙ ያዘዘላትን ጥቁር መነጽር አድርጋ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛለች፤ በሌላው ልታለብሰኝ ያመጣችው ብርድ ልብስ አለ። ብርድ ልብሱ ቀስ እያለ ከእጇ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ትርሲት» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ማንን ነው የቀበራችሁት?»