ሞተር ሳያጠፉ የመጡ ሽማግሌዎች

እንግዳ እንደምንወድ እኛው ስለ ራሳችን ደጋግመን እናወራለን፤ እውነትም ነው። የማናወራው ነገር ቢኖር እንግዳውን ከመቀበላችን በፊት ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንደምንመረምረው ነው። በትሩን የት አስደገፈ? በሩ ላይ ጎንበስ አለ ወይስ ቀጥ ብሎ ገባ? መኪና ገጠር መግባት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አንድ ምርመራ ተጨምሯል፤ ሞተሩን አጠፋ ወይስ አላጠፋም? ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ የቆመ እንግዳ በእኛ አገር "እህላችሁን አልቀምስም፣ ቶሎ ሸኙኝ" እንዳለ ይቆጠራል። እናንተ የከተማ ሰዎች ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ። እኔም ሚስት ሊያሳጣኝ እስከደረሰበት ጠዋት ድረስ አላውቀውም ነበር።

ዘመኑ ሁሉ ነገር "ልማታዊ" የሚባልበት፣ ዶሮ እንኳ ያለዚህ ማዕረግ እንቁላል የማትጥልበት ዘመን ነበር። ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። ላገባት የምፈልጋት የሺ እዚያው ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ወላጆቿ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ጋራ ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኬ አባቷ አያ አለኸኝ ሁለቱንም ጊዜ "እንምከርበት" ብለው መልሰዋቸዋል። ሦስተኛው የቁርጥ ቀን ነው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ መሪጌታ ግን ጉልበታቸው ዳገቱን እንቢ አለ፤ ስለዚህ የአጎቴ የይግዛው ፒክአፕ ታዘዘች። አጎቴም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ ዓይኑን ስለታመመ ግን መንዳት አይችልም። ከዘመዶቼ መሪ የሚጨብጥ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። የጋብቻ ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ሄዶ ደጅ መቆም ነውር ስለሆነ፣ አያ አለኸኝም መልኬን ስለማያውቁ፣ ጋቢ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ሹፌር እንድሆን ተወሰነ። ሐሳቡ የመሪጌታ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ከባድ ሐሳብ ነበር።

ስለ ፒክአፗ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ጣጣው የመጣው ከእሷ ነው። ባለ ቱርቦ ናት። ቱርቦ ማለት ሞተሩ በሚተፋው ጭስ እየተሽከረከረ መልሶ ለሞተሩ አየር የሚገፋ ነገር ነው፤ ዳገት ላይ ጉልበቱ ለጉድ ነው፣ ሙቀቱም እንዲሁ። አንድ ጊዜ አጠገቡ ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድ አቅልጦ ደምበጫ መንገድ ላይ አስቀርቶናል። መካኒካችን ጋሽ አስረስ ገመዶቹን አርቆ አሰረና፣ ከዘይት ቆርቆሮ መከለያ ቆርጦ በቱርቦውና በገመዶቹ መካከል ገጠመ። ከዚያም ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀን፦ "ዳገት ወጥታችሁ ወዲያው እንዳታጠፉት። አምስት ደቂቃ ቆማ ትሥራ። ካጠፋችሁት ዘይቱ መዞሩን ያቆማል፣ እዚያው እሳቱ ላይ ያርራል፣ ቱርቦውም አለቀለት።"

የአያ አለኸኝን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ወጣነው። ደጃፋቸው ስንደርስ ከኮፈኑ ስር የሚወጣው ትኩሳት እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል። ሽማግሌዎቹ ወርደው እንደ ወጉ ግቢው ውስጥ ቆሙ፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ባለቤቱ ተቀመጡ ካላለው አይቀመጥም፤ ተቀመጡ መባልም የእሺታ ምልክት ነው። እኔ ሰዓቴን አይቼ መቁጠር ጀመርኩ። ሞተሩ ይንደቀደቃል።

አያ አለኸኝ ወጡ። ሰላምታው አለቀ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ፣ አያ አለኸኝ ወደ መኪናዋ አየት አድርገው "መሪጌታ፣ መኪናዋ ቁማለች ወይስ እየሄደች ነው?" አሉ።

"ቁማለች እንጂ፣ አያ።"

"ቸኩላችሁ እንደሁ መንገድ አልዝጋባችሁ ብየ ነው።"

አጎቴ ነገሩ ገብቶት "ቱርቦው ነው፣ አያ አለኸኝ" አለ። በዚያ ግቢ ይህን ቃል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የየሺ እናት በሩ ጥግ ቆመው ነበርና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ሁለት ደቂቃ ላይ ነኝ። ባጠፋው የአጎቴ ንብረት ይቃጠላል፤ ባላጠፋው የሺ ትሄዳለች። እጄን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። አጎቴ ደግሞ በታመመ ዓይኑ ያንኑ እጄ ላይ አፍጥጧል።

አያ አለኸኝ ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ ትተው ወደ እኔ መጡ።

"አንት ሹፌር፣ ይችን ነገር አታጠፋትም?"

"ሦስት ደቂቃ ይታገሡኝ፣ አያ። ዳገቱ አግሏታል። አሁን ባጠፋት ትበላሻለች።"

"የማን ናት?"

"የአጎቴ" አልኩ።

ምላሴን ብነክስ ምን ዋጋ አለው። አጎቴ ይግዛው የጠያቂው ልጅ አጎት ነኝ ብሎ በዚያ ግቢ ሁለት ጊዜ ተናግሯል። አያ አለኸኝ ወደ አጎቴ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ጋቢዬን አዩት።

"እስቲ ክፈታት" አሉኝ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። መዳፋቸውን ወደ ቆርቆሮው አስጠጉና ቶሎ ሰበሰቡት። እሳቱ ገመዱን እንዳያገኘው የተጋረደ መሆኑን፣ ዘይቱ እየዞረ የሚያበርደው መሆኑን አስረዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አስተምሬ አላውቅም።

"በሬም እንዲያው ነው" አሉ ቆይተው። "ከጥማድ ፈትቸ ላቡ ሳይበርድ ውኃ አላሳየውም።"

ይህን ብለው ወደ ሽማግሌዎቹ የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። አልተመለሱም። አጠገቤ ቆሙ። የቀረውን ጊዜ ሁለታችንም ክፍቱን ሞተር እያየን ጨረስነው፤ መሪጌታ በደካማ ጉልበታቸው እዚያ ቆመዋል።

"አሁንስ?" አሉኝ።

"አሁን ይበቃታል።"

አጠፋሁት። አገሩ ሁሉ ጸጥ አለ። አያ አለኸኝ ወደ ግቢው ተመለሱ፤ ወዲያው ድምፃቸው ጥርት ብሎ መጣ፦ "ተቀመጡ እንጂ።"

እኔም ተቀመጥኩ፤ መሬት ላይ፣ ጎማውን ተደግፌ። ጋቢዬን ገፍፌ ፊቴን በንፋስ አስመታሁት።

ከሠርጉ በኋላ የሺ የቤቱን ምስጢር ነገረችኝ። አባቷ በዚያ ጠዋት የቆረጡት እንቢ ሊሉ ነበር፤ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የሚልክ ልጅ ችኩል ነው፣ ለትዳር አይሆንም ብለው። ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው ያ አምስት ደቂቃ ነው። "ነገሩ ሊበላሽበት እያየ፣ ጊዜው እስኪደርስ እጁን ሰብስቦ የቆመ ልጅ ነው" ይላሉ አሉ፣ እስከ ዛሬ፣ ለጎረቤት ሁሉ።

እኔ እጄን የሰበሰብኩት አጎቴን ፈርቼ ነው። አጎቴ ባያፈጥብኝ ኖሮ ገና አያ አለኸኝ ስለ መኪናዋ ሲጠይቁ አጠፋው ነበር። ይህን ለአማቴ ለመንገር አንዳንዴ ያምረኛል፤ ከዚያ ግን እርሳቸው ትዕግሥተኛ አማች አገኘሁ ብለው ደስ ብሏቸው እየኖሩ ነው፣ እኔም ልጃቸውን ይዤ እየኖርኩ ነው፣ ምን አስቸኮለኝ እላለሁ።