የአባባ ፎቶ በጥቁር ቲሸርት ላይ

«በሕይወት ያለ አባቴን ጥቁር ጨርቅ ላይ ለጥፈሽ አጥር ላይ ታሰጪዋለሽ? ምን በድሎሽ ነው? እኮ ተናገሪ!»

አክስቴ ዘነበች ይህን ስትለኝ ለስድስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። «እኮ ተናገሪ» ትላለች እንጂ መናገሪያ ፋታ አትሰጥም።

«ጥቁር ያምራል ብዬ ነው፣ አክስቴ» አልኩ በመጨረሻ፣ ለራሴም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

«ያምራል? ለማን ነው የሚያምረው? ሟርተኛ!»

መቼም ሰው ሲጣላ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መልሱን እዚያው ፊት ለፊት ይሰጣል። ሌላው በማግስቱ ሰሃን ሲያጥብ ነው መልሱ የሚመጣለት። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። አምና ለተሰደብኩት ስድብ ጥሩ መልስ ያገኘሁት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ተሳዳቢዋ ግን ትምህርት ቤት ቀይራለች። ስለዚህ ያን ቀን ለአክስቴ ያልመለስኩትን ዛሬ ለእናንተ ልመልስ። እናንተ ቢያንስ አታቋርጡኝም።

አባባ፣ ሰፈሩ ጋሽ ወርቁ የሚለው፣ የእናቴና የአክስቴ የዘነበች አባት ነው። እኔና እናቴ እንጦጦ ግርጌ ባለው ቤቱ አብረነው እንኖራለን። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ሲተኛ፣ ስልክ በጠራ ቁጥር ለእናቴ አቀብዬ ከቤት እወጣ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ «ቅዳሜ ይውጣ» አለ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀን፤ እንዳይደነግጥ። ልቡ ገና አልበረታም።

እኔ ደግሞ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብዬ በአፌ የምናገር ልጅ አይደለሁም። ገና ስጀምረው እንባዬ ይቀድመኛል። አፌ እምቢ ያለኝን ደረቴ ይናገርልኝ ብዬ፣ ከሾላ ገበያ አምስት ጥቁር ቲሸርት ገዛሁ። ጥቁር ያደረግሁት የክፍላችን ልጆች በሙሉ ጥቁር ስለሚለብሱ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ደግሞ በካውያ የሚለጠፈውን ወረቀት፣ ለጥቁር ልብስ የሚሆነውን መርጬ ያዝኩ። እናቴ አስተማሪ ስለሆነች ፕሪንተር ቤታችን አለ። አባባ ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ የሚስቅበትን ፎቶ አወጣሁ። ከሥሩም «አባባ፣ ሁሌም ከልባችን አትወጣም» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው በጣም ነበር ደስ ያለኝ። አሁን ሳስበው ግን…

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዙሪያው ነጭ ሆኖ እንዳይቀር ፎቶውን በጥፍር መቀስ ጠርዝ ጠርዙን መቁረጥ አለባችሁ፤ የባርኔጣው ክብ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ የጀርባውን ወረቀት ልጣችሁ፣ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ሌላ ስስ ወረቀት ደርባችሁ በጋለ ካውያ መጫን ነው። ከታች ብርድ ልብስ አይሆንም፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ውሃም ጠላቱ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን የመጀመሪያውን ቲሸርት እንደ ዩኒፎርም ውሃ ረጨት አድርጌ ከተኮስኩት በኋላ ነው። የአባባ ጉንጭ ኩፍኝ እንደያዘው ሰው ጉብ ጉብ ብሎ ቀረ። የቀሩት አራቱ ግን እናንተዬ! ፎቶ ቤት ያሠራኋቸው ነበር የሚመስሉት። አንዱን ለበስኩት፤ ሦስቱን፣ አባባ ከታክሲ ሲወርድ እንዲያያቸው ብዬ፣ በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ሰቀልኳቸው።

እንግዲህ እስቲ ፍረዱኝ። በእኛ ሰፈር የሽማግሌ ፎቶ ጥቁር ቲሸርት ላይ ያየ ሰው «ምን ሆኑ?» ብሎ አይጠይቅም። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ነው የሚለው። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሌላ ሰው ሲለብሰው አውቀዋለሁ፤ እኔ ስሠራው ግን በደስታ ዓይኔ ታወረ። አክስቴ ከሰፈሯ ከካራ መጥታ አጥሩን እስክታይ ድረስ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

እሷ ሰባተኛውን «እኮ ተናገሪ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከበር ላይ ሌላ ድምፅ ቀደማት።

«ወይኔ ጋሽ ወርቁ! ወይኔ ጎረቤቴ!»

እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ ከታችኛው ቤት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ደግሞ የእድሩን ድንኳን የተሸከሙ ጎረምሶች። ክፉ ወሬ ክንፍ አለው ሲባል እሰማ ነበር፤ ድንኳንም እንዳለው ግን ያን ቀን አየሁ።

አክስቴ ወጥታ «ኧረ ደህና ነው! አልሞተም! እየመጣ ነው!» ብላ ጮኸች።

ለቅሶው ባሰ።

ምክንያቱም እኛ አገር ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ቶሎ አይነገርም። «ትንሽ አሞት ነው፣ ደህና ነው» እየተባለ ተደብቆ ይቆይና፣ በማለዳ መርዶ ነጋሪ ይመጣል። ስለዚህ «ደህና ነው» የምትል ልጅ ማለት ገና ያልተረዳች ልጅ ማለት ናት።

«አላረዷትም እንዴ? ምስኪን!» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «መርዶ የሚነግራት ሰው ጠፍቶ ነው?»

አክስቴ በማለች ቁጥር አቅፈው ያለቅሱባታል። በመጨረሻ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ግራ ሲገባት እሷም አለቀሰች።

እኔ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። አባባ ከእናቴ ጋር ታክሲ ውስጥ ነው። መታጠፊያውን ሲያልፍ ድንኳኑን ያያል፤ የገዛ ፊቱን ጥቁር ላይ ያያል፤ ለቅሶውን ይሰማል። እንዳይደነግጥ ነበር የተባለው። ገደልኩት! ታክሲውን ከመታጠፊያው በፊት ላስቆመው ብዬ ቁልቁል ሮጥኩ።

የለበስኩትን ቲሸርት ረስቼዋለሁ።

«ያዟት! ያዟት! ራሷን እንዳትጎዳ!»

ሁለት ጠንካራ ሴቶች በብብቴ ገብተው አነሡኝ። «ልቀቁኝ፣ አባባ ጋ ልሂድ!» አልኩ፤ እድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እነሱም «እንግዲህ ምን ይደረጋል ልጄ፣ ሁላችንም ወደዚያው ነን» እያሉ ፊቴ ላይ ውሃ ደፉብኝ። ታክሲው የደረሰው ይኼኔ ነው።

አባባ በእናቴ ትከሻ ተደግፎ ወረደ። ከስቷል። ግማሽ የቆመውን ድንኳን አየ። ለቅሶው እየተቆራረጠ ዝም አለ።

«ማን ነው የሞተብን?» አለ።

በመጨረሻ እትዬ ብዙነሽ፣ ሰው ባጠፋው ጥፋት እንደሚያፍረው አፍረው፣ «እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ወርቁ» አሉት።

አባባ አጥሩ ላይ የተሰቀሉትን ሦስት ሳቂታ አባባዎች አየ። ውሃ የሚንጠባጠብበትን አራተኛውንም ደረቴ ላይ አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በቃ፣ አልኩ።

ስገልጠው ስፌቱ እንዳይፈታ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል። ድምፅ የሌለው ሳቅ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ባርኔጣዬን እንዴት አሳምራ ቆርጣዋለች!» አለ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት የያዝኩትን ትንፋሽ የለቀቅሁት ያኔ ይመስለኛል። ሰዉም ቀስ በቀስ መሳቅ ጀመረ፤ እልል ያሉም ነበሩ። አባባ ድካም ስለተሰማው ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ጋቢም ደረቡለት።

ለቅሶ ዘግይቶ የሚሰማ ግን አይጠፋም። ከላይ ከዳገቱ ጋሽ ተሰማ ሲሮጡ መጡ። ጋሽ ተሰማ ከአባባ ጋር ድንበር ላይ ባለች አንዲት ባሕር ዛፍ ተጣልተው ስድስት ዓመት ሰላም አልተባባሉም፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው መንገድ ይቀይራል። ማንንም ሳያዩ፣ ራሳቸውን ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ገቡና አግዳሚው ላይ ተዘረፈጡ።

«ወርቁ ወንድሜ! ሳንታረቅ ትሄዳለህ? ዛፉ ያንተ ነው! ስትተክለው በዓይኔ አይቻለሁ!»

አጠገባቸው የተቀመጠው፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ጀርባቸውን መታ መታ አደረጋቸው። «አይዞህ ተሰማ፣ በርታ» አለ።

«እንዴት ልበርታ? ደግ ሰው ነበረኮ!»

«እሱን እንኳ እኔም ሰምቻለሁ» አለ አባባ።

ጋሽ ተሰማ ቀና አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ዘርግተው፣ የጋለ ምጣድ እንደሚፈትሽ ሰው፣ የአባባን ጉልበት በጣታቸው ነካ አደረጉት። ሞቃት ነው። አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ተነሡ፤ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉና እንደ ስድስት ዓመቱ ሁሉ ሰላም ሳይሉት ዳገቱን ወጡ።